«ተኝተሽ ገንዘብ ይገባልሻል አሉኝ»

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 26 ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ቢሮ እሠራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ እሁድ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶ በኢንተርኔት ሸጠው በወር ሺህ ዶላር እንደሚያገኙ የሚናገሩ ሰዎች ቪዲዮ አየሁና እኔም ገባሁበት። አንዴ ጫኚው፣ ከዚያ ተኝተሽ ገንዘብ ይገባልሻል ይላሉ። በ4 ወር ውስጥ 140 ፎቶ ለሚሸጡልኝ ድርጅቶች ላክኩ። ያለፈልኝ 61 ነው። አበባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ደመና፣ ድመቴ፣ የእህቴ ልጅ። ግድግዳ ላይ የተሳለ በጣም የምወደው ሥዕል ነበር፤ እሱን መለሱብኝ። እስካሁን የተሸጠልኝ 5 ጊዜ ብቻ ነው። በጠቅላላው 2 ዶላር ከ14 ሳንቲም። ከ5ቱ 3ቱ የእህቴ ልጅ ፎቶ ነው። ለልጅ የወላጅ ፊርማ ያስፈልጋል ስላሉኝ በእህቴ ስም እኔው ፈረምኩ፤ ቤተሰብ ነን ብዬ ነው። ጥሩ ሌንስ ብገዛ ነገሩ ይለወጣል? ሥራዬን ለቅቄ ሙሉ ጊዜዬን ብሰጠውስ? ወይስ ኤአይ መጥቶ አልቆለታል?

ተስፋ ልቆርጥ የደረስኩ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልብሽ እንዳይንጠለጠል መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ሌንሱን አትግዢ። ሥራሽን አትልቀቂ። ፎቶውን ግን አትተዪው። የእህትሽን ልጅ ነገር ወደ በኋላ እመጣበታለሁ፤ ከጻፍሽልኝ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

እኔም ስቶክ ፎቶ፣ ማለትም አስቀድሞ ተነስቶ ኤጀንሲ በሚባሉ ሻጭ ድርጅቶች በኩል ለፈለገው ሁሉ የሚሸጥ ፎቶ፣ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ኑሮዬን የምመራው ግን በሌላ ሥራ ነው። ከፎቶ የሚመጣው ገንዘብ አንዳንድ ወር ደህና ነው፤ አንዳንድ ወር ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በቪዲዮ ያየሻቸው ሰዎች ሁሉ ዋሽተዋል አልልሽም። በጥሩ ሁኔታ የሚያገኙ አሉ። ብዙዎቹ ግን አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የለፉ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ፎቶ ያላቸው ናቸው። ቪዲዮው ያንን ልፋት ዘሎ መጨረሻውን ያሳይሻል።

እስቲ ስለ ገንዘቡ በግልጽ እናውራ። ሹተርስቶክ፣ አዶቤ ስቶክና አይስቶክ ከእነዚህ ኤጀንሲዎች መካከል ናቸው። ሹተርስቶክ እ.ኤ.አ. ከጁን 2020 ጀምሮ ለፎቶ አንሺው የሚከፍለው በደረጃ ነው። ደረጃዎቹ 6 ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ያለ ሰው ከሽያጩ 15 በመቶ ያገኛል፤ የመጨረሻው ላይ ያለ 40 በመቶ። እዚያ ለመድረስ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከ25,000 ጊዜ በላይ መሸጥ ያስፈልጋል። ጃንዋሪ 1 ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ተመልሶ ከታች ይጀምራል። ገዢ አንድ ፎቶ አንዴ ሲያወርድ ለፎቶ አንሺው የሚከፈለው ዝቅተኛ ገንዘብ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። አዶቤ ስቶክ ለፎቶ 33 በመቶ ይሰጣል፤ ገንዘቡን ለማውጣት ግን ሂሳብሽ 25 ዶላር መሙላት አለበት። አይስቶክ «ከእናንተ ጋር ብቻ እሠራለሁ» ብሎ ላልፈረመ ሰው በፎቶ የሚሰጠው 15 በመቶ ነው።

አሁን እርሳስ አንሺና አብረን እናስላ። በአንድ ሽያጭ በአማካይ 40 ሳንቲም ደረሰሽ እንበል። በወር 200 ዶላር ለማግኘት በየወሩ 500 ጊዜ መሸጥ አለብሽ። ያሉሽ ፎቶዎች 61 ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፎቶ፣ ድመቷም ደመናውም ሳይቀር፣ በየወሩ ከ8 ጊዜ በላይ መሸጥ አለበት። የእኔ አብዛኛው ፎቶ ዓመት ሙሉ አንዴም ሳይሸጥ ይከርማል። ገንዘቡን የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ታዲያ ደሞዝሽን ትተሽ በምን ትኖሪያለሽ?

ዋጋው እንዲህ የወረደው በአንድ ቀን አይደለም። ድሮ ኤጀንሲዎች አንዱን ፎቶ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ያከራዩ ነበር። ገዢዎቹም ትልልቅ መጽሔቶችና የማስታወቂያ ድርጅቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ብሩስ ሊቪንግስተን የተባለ ካናዳዊ አይስቶክፎቶን፣ የዛሬውን አይስቶክ፣ ጀመረ። መጀመሪያ ሰዎች ፎቶ በነፃ የሚለዋወጡበት ቦታ ነበር፤ ቆይቶ በትንሽ ገንዘብ መሸጥ ተጀመረ። በ2003 ደግሞ ጆን ኦሪንገር ሹተርስቶክን ሲያቋቁም መጀመሪያ ያስገባው ራሱ ያነሳቸውን 30,000 ፎቶዎች ነው። ደንበኛው በየወሩ ከፍሎ ብዙ ፎቶ የሚያወርድበት አሠራር ተለመደ። ጌቲ ኢሜጅስ የተባለው ትልቅ የፎቶ ኤጀንሲም በ2006 አይስቶክን በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዚህ መሀል እንዳንቺና እንደኔ ያለ ተራ ሰው ፎቶ የሚሸጥበት በር ተከፈተ። በዚያው በር ደግሞ የድሮው ጥሩ ዋጋ ወጥቶ ሄደ። ሁለቱንም አብረን ነው የተቀበልናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አንቺ የምትወጃቸውን ፎቶዎች ላክሽ። ገዢው ግን አንቺን አያውቅሽም። ጀንበር ለማንሳት የት ድረስ እንደሄድሽ፣ ስንት ሰዓት እንደቆምሽ አያውቅም። እሱ ጠረጴዛው ላይ ሥራ ተከምሮበታል። ለነገ ጠዋት ጽሑፍ ያስረክባል፤ ከጽሑፉ ራስጌ የሚገባ ፎቶ ይፈልጋል። አንድ ሁለት ቃል ይጽፋል፣ ገጹን ወደ ታች ይስባል፣ የሚሆነውን ሲያይ ያወርዳል። በቃ። ስለዚህ ጥያቄው «ፎቶዬ ያምራል ወይ?» ሳይሆን «ይህን ፎቶ የሚፈልገው ሰው ምን እየሠራ ነው?» ነው።

ይህ የገባኝ በራሴ ሁለት ፎቶዎች ነው። አንዱን ለማንሳት ሌሊት ተነስቼ ጨለማ ውስጥ ተራራ ወጥቻለሁ። ጭጋግ፣ የንጋት ብርሃን፣ ከርቀት አንድ ዛፍ። ዛሬም ሳየው ደስ ይለኛል። እስካሁን የገዛው ሰው የለም። ሌላውን ያነሳሁት እቤት ቁጭ ብዬ ነው። የባለቤቴ እጅ የቁልፍ ስብስብ ይዞ ለሌላ ሰው እጅ ሲያቀብል። ከኋላው ባዶ ነጭ ግድግዳ። ከመስኮት የገባ ብርሃን። ምንም የለውም። ግን ስለ ቤት ኪራይ የሚጽፍ ይገዛዋል። ስለ ቤት ብድር የሚጽፍ ይገዛዋል። ስለ ፍቺ የሚጽፍም ይገዛዋል። ተራራው ሳይሸጥ ያ ፎቶ እስከ ዛሬ ይሸጣል። ስታነሺ ብዙ ታሪክ ውስጥ ሊገባ የሚችል፣ ግን ግልጽ የሆነ አንድ ድርጊት ፈልጊ።

ባዶ ቦታውንም ልብ በይው። ገዢው ርዕስ ይጽፍበታል። ፎቶሽ ከዳር እስከ ዳር በነገር ከተሞላ ርዕሱ የት ይቀመጣል? ቻርለስ ኦሬር የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ አለ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሶኖማ በሚባል አካባቢ መኪና እየነዳ ሲሄድ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ አየ። አቁሞ አነሳው። ፎቶውን ለስቶክ ኤጀንሲ ሰጠ። በ2000 ማይክሮሶፍት ሙሉ መብቱን ገዛና የዊንዶውስ ኤክስፒ የፊት ገጽ አደረገው። አንቺም አይተሽው ታውቂያለሽ ብዬ እገምታለሁ። ፎቶው ላይ ሰው የለም፣ ቤት የለም፣ ዓይን የሚሻማ ነገር የለም። ኮምፒውተሩ ላይ የሚደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች ሁሉ በግልጽ ይታዩበታል። ደግሞ አስቢው፤ ከተነሳ ከ4 ዓመት በኋላ ነው የተገዛው።

ያንቺ ጀንበርና አበባ ለምን እንዳልተሸጠ አሁን ይገባሻል። መጥፎ ሆኖ አይደለም። በሚሊዮን የሚቆጠር ጀንበር ስለተደረደረ ነው። ገዢው ከመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ገጾች አያልፍም፤ እዚያ ያሉት ደግሞ ለዓመታት ሲሸጡ የኖሩ ፎቶዎች ናቸው።

አንቺ ግን ሌላው የሌለው ነገር አለሽ። ቀን ቀን ቢሮ እሠራለሁ ብለሽኛል። ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ ምንም ይሁን ግድ የለም። ስለ ቢሮ ሥራ ያሉት አብዛኞቹ የስቶክ ፎቶዎች ቢሮ ገብቶ የማያውቅ ሰው ያነሳቸው ይመስላሉ። ሁሉም ይስቃል። ሁሉም ባዶ ኮምፒውተር ላይ ጣቱን ይቀስራል። አንቺ ትክክለኛውን ታውቂያለሽ። የወር መጨረሻ ሲደርስ ጠረጴዛው ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ከሰዓት በኋላ ድካም ሲመጣ ሰው ዓይኑን እንዴት እንደሚያሽ፣ አንድን ፋይል ፈልጎ ሲያጣ ፊቱ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። እነዚህን እቤትሽ በመስኮት አጠገብ አሰናድተሽ አንሺያቸው። መሥሪያ ቤትሽ ውስጥ ማንሳት ካማረሽ አስቀድመሽ አስፈቅጂ። የእውነት ሰነድ፣ የሰው ስም፣ የድርጅት ምልክት ፎቶው ውስጥ አይግባ።

ቃሉ የሥራው ግማሽ ነው። ይህን ማንም በደንብ አልነገረሽም መሰለኝ። ገዢው ፎቶሽን የሚያገኘው በቃል ፈልጎ ነው። ቃሉ ከሌለ ፎቶው የለም። አዶቤ ስቶክ እስከ 49 ቁልፍ ቃል ይቀበላል፤ ለመጀመሪያዎቹ 10 ደግሞ የበለጠ ክብደት ይሰጣል። ሹተርስቶክ ከ7 እስከ 50 ይቀበላል። ድመትሽን ስትልኪ ምን ብለሽ ጻፍሽ? «ድመት፣ ቆንጆ፣ እንስሳ» ካልሽ በባሕር ውስጥ ጠብታ ጨመርሽ ማለት ነው። ድመቷ መስኮት ላይ ቁጭ ብላ ዝናቡን የምታይ ከሆነ እንደዚያው ጻፊው። መስኮት፣ ዝናብ፣ ከውጭ የሚመለስ ሰው መጠበቅ፣ ብቸኝነት፣ ቤት ውስጥ መዋል። መጀመሪያ የሚታየውን፣ ቀጥሎ የሚሰማውን። ፎቶው ውስጥ የሌለውን ግን አትጨምሪ። ውሻ የሌለበት ፎቶ ላይ «ውሻ» ብትዪ ውሻ ፈላጊው አይቶ ያልፍሻል፤ ያ ደግሞ ፎቶሽን ወደ ታች ይጎትተዋል። ቃላቱን በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ብዙው ፍለጋ በዚያ ነው። አንድ ፎቶ ላይ 10 ደቂቃ ብትቀመጪ አይቆጭሽ።

ጊዜም አለ። የበዓል ፎቶ በበዓሉ ሳምንት አይጫንም። ገዢው ሥራውን የሚጀምረው ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። የትምህርት መከፈቻን የሚመለከት ፎቶ ልጆቹ እረፍት ላይ እያሉ መግባት አለበት።

79 ፎቶ ስለተመለሰብሽ አትሸማቀቂ። ምክንያቶቹ ብዙ አይደሉም። ትኩረቱ ስቶ ይሆናል። ጨለማ ውስጥ ተነስቶ ነጠብጣብ በዝቶበት ይሆናል። አንድ ዓይነት ነገር 12 ጊዜ ልከሽ ይሆናል፤ ኤጀንሲዎች ተመሳሳይ ፎቶ ሲደጋገም አይወዱም፣ ከ12ቱ 2 ምረጪ። ወይም ጥግ ላይ የድርጅት ምልክት ገብቶ ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ ወደ 80 የሚጠጋ ፎቶ በአንድ ቀን ተመለሰብኝ። ተናደድኩ። ገምጋሚዎቹ ጠሉኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አንዱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩና 100 በመቶ አሳድጌ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብዬ ተመለከትኩት። ሰማዩ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ፣ የምስር ፍሬ የምታክል ግራጫ ክብ ነበረች። ሌላውን ከፈትኩ። እዚያው ቦታ ላይ አለች። ሁሉም ላይ አለች። የካሜራው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ ላይ አቧራ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን ፎቶ በዚያው መጠን ከዳር እስከ ዳር ሳላይ አልልክም። አንቺም እንዲሁ አድርጊ።

የግድግዳው ሥዕል የተመለሰው ግን በጥራት አይደለም። ሥዕሉ የሠዓሊው ነው። ፎቶውን አንቺ ብታነሺውም ሥራው የሌላ ሰው ስለሆነ ያለ ፊርማ ለማስታወቂያ መሸጥ አይቻልም። ይህ ሕግ እስከ ኤፍል ማማ ድረስ ይሄዳል። ማማውን ቀን ላይ አንስቶ መሸጥ ይቻላል። የማታው የመብራት ዝግጅት ግን ራሱን የቻለ የባለቤትነት መብት ስላለው ኤጀንሲዎች ለንግድ አይቀበሉትም። ኤዲቶሪያል የሚባለው ዘርፍ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ለዜናና ለትምህርታዊ ጽሑፍ ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ አይውልም። መንገድ ላይ ያለ ሕዝብ፣ ሰልፍ፣ የድርጅት ምልክት ያለበት ሕንፃ እዚያ ይገባል። ከሥሩ ግን የት፣ መቼ፣ ምን እንደነበር በትክክል ይጻፋል። የፎቶውንም ይዘት መለወጥ አይፈቀድም። የሚሸጠው እውነት ስለሆነ ነው።

ስለ ሌንሱ ብዙ አልልም። ሹተርስቶክም አዶቤ ስቶክም የሚጠይቁት ዝቅተኛ መጠን 4 ሜጋፒክስል ነው። ያለሽ ካሜራ ከዚያ በላይ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ የዛሬ ስልኮችም ያልፉታል። ገንዘብ ማውጣት ካለብሽ ካሜራው የሚቆምበት ደህና ትሪፖድና ብርሃን የሚመልስ አንድ ነጭ ሰሌዳ ይበቃሻል። የመስኮት ብርሃን በነፃ ነው። ሌንስ የምትገዢው ከፎቶ በመጣ ገንዘብ ይሁን። 2 ዶላር ከ14 ሳንቲም ገና ሌንስ አይገዛም።

ኤአይ መጥቶ የፎቶ ሥራ አልቆለታል ወይ ላልሽው፣ ላሞኝሽ አልፈልግም። ጎድቶናል። የሚጨባበጡ እጆች፣ አምፖል ላይ የተሳለ አንጎል፣ ባዶ መልክዓ ምድር የመሳሰሉት አሁን በደቂቃ ይሠራሉ። አዶቤ ስቶክ እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በኤአይ የተሠሩ ምስሎችን፣ በግልጽ እስከተገለጸ ድረስ፣ ይቀበላል። ጌቲ ኢሜጅስ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አልቀበልም አለ። አዶቤ በማርች 2023 ያወጣው ፋየርፍላይ የተባለ ምስል ሠሪ ኤአይ የተማረው በአዶቤ ስቶክ ላይ ባሉ ፎቶዎች ጭምር ነው፤ ለፎቶ አንሺዎቹ ጉርሻ ከፍለዋል። ሹተርስቶክም ፎቶዎቻችን ለኤአይ ማሠልጠኛ ሲውሉ የሚከፍልበት መንገድ አለው። ስምምነቱን ስትፈርሚ ይህን ክፍል ሳታነቢ አትለፊ። ፎቶሽ ለምን እንደሚውል የማወቅ መብት አለሽ።

ታዲያ ምን ቀረልን? እውነተኛው ቀረልን። ማሽን የልብስ ሰፊን እጅ ይሠራል። ሰፊ ያልሆነ ሰው ሲያየው ያምናል። ሰፊ ሲያየው ግን መርፌው እንዲህ እንደማይያዝ ወዲያው ያውቃል። ስለ ሙያው የሚጽፍ ድርጅት አንባቢው እንዲስቅበት አይፈልግም። ዜና የሚሠራ ሰው በኤአይ የተፈጠረ ሕዝብ አያትምም። እውነተኛ ሰው፣ ፈቃዱን በፊርማው የሰጠ ሰው፣ ሥራውን በትክክል ሲሠራ የሚያሳይ ፎቶ ዛሬም ይፈለጋል። የምታውቂውን አንሺ ያልኩሽ ለዚህም ነው።

አንድ የተረሳ ነገር። ገንዘቡ እጅሽ የሚገባበትን መንገድ አሁኑኑ አጣሪ። ኤጀንሲዎቹ የሚከፍሉት እንደ ፔይፓልና ፓዮኒር ባሉ የኢንተርኔት መክፈያ መንገዶች ነው። ሁሉም በሁሉም አገር ገንዘብ ለመቀበል አይሠራም። በአንቺ ስም ሂሳብ ተከፍቶ መቀበል እንደሚቻል ሳታረጋግጪ ሌላ ፎቶ አትጫኚ። የአሜሪካን ግብር የሚመለከት ቅጽም ይሰጥሻል። አሜሪካ ውስጥ ለማትኖሪው ለአንቺ የሚሆነው ደብልዩ-8ቤን የሚባለው ነው። አሜሪካ ውስጥ ላለ ገዢ ከተሸጠው ድርሻሽ ላይ እስከ 30 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። አገርሽ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ካላት ሊቀንስ ይችላል። ሌላው ደግሞ ለአንድ ኤጀንሲ ብቻ ካልፈረምሽ ያንኑ ፎቶ ለሁለት ሦስት ኤጀንሲ መስጠት ትችያለሽ። ቃላቱን አንዴ ፎቶው ፋይል ውስጥ ከጻፍሽ አብሮ ይሄዳል፤ ድካሙ አይደገምም።

ከዚህ በኋላ ምን ላድርግ ካልሽኝ፣ ለአንድ ዓመት በየሳምንቱ 5 ፎቶ ብቻ ስጪ። 5 የታሰበባቸው። እያንዳንዱን ከማንሳትሽ በፊት የሚገዛው ሰው ምን ብሎ እንደሚፈልግ ወረቀት ላይ ጻፊ። ገዢውን መገመት ካቃተሽ አታንሺው፤ ወይም ለራስሽ አንሺው። ጀንበሯን ለራስሽ ማንሳት አታቁሚ። ሽያጭ የሌለበት ፎቶ ያስፈልግሻል፤ እኔንም ተራራው ያስፈልገኛል። የተሸጠውን በየወሩ እዪ። አንድ ነገር ሲሸጥ የእሱን ወንድምና እህት አንሺ። ቁልፍ ሲያቀብል የሚታየው እጅ ሲሸጥልኝ፣ ውል ሲፈርም የሚታየውን እጅ አነሳሁ። ቀጥሎ ካርቶን የሚያስር እጅ። እንዲህ ነው የሚያድገው።

አሁን የእህትሽ ልጅ።

ከ5 ሽያጭ 3ቱ የእሱ መሆናቸው አልገረመኝም። የምትወጂውን ልጅ ነው ያነሳሽው፤ ፎቶው ላይ ያ ይታያል። ፊርማው ግን የእህትሽ አይደለም። ሞዴል ሪሊዝ የሚባለው ወረቀት ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ በወላጅ ወይም በሕጋዊ አሳዳጊ እጅ ይፈረማል። በሰው ስም መፈረም ቤተሰብ ስለሆኑ አይቀልም። ኤጀንሲው ቢደርስበት ሂሳብሽን ሊዘጋው ይችላል። ከዚያ ሁሉ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። እህትሽ የልጇ ፊት እየተሸጠ መሆኑን አታውቅም።

ፎቶው አንዴ ከወረደ የት እንደሚታተም አንቺ አትመርጪም። የማታውቂው አገር ውስጥ የማታውቂው ሰው ማስታወቂያ ላይ ሊወጣ ይችላል። ፈቃዱ ሰውን የሚያዋርድ አጠቃቀምን ይከለክላል። ክልከላውን የማያከብር ሰው ግን አይጠፋም። አንድራስ አራቶ የሚባል ሀንጋሪያዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ፈቅዶ፣ ፈርሞ ስቶክ ፎቶ ተነሳ። ከጊዜ በኋላ የራሱን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ፊቱ የዓለም መቀለጃ ሆኖ አገኘው። በፈገግታው ስር ሕመም የሚደብቅ ሰው ብለውት ነበር። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቆይቶ ተቀበለው፣ ወደ መልካምም ለወጠው። እሱ ግን አዋቂ ነው። የፈረመውም ራሱ ነው። ልጁ ማንም አልጠየቀውም። እናቱንም ማንም አልጠየቃትም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ፣ ሌላ ምንም ከመሥራትሽ በፊት፣ የልጁን ፎቶዎች በሙሉ ከኤጀንሲው ገጽ ላይ ሰርዣቸው። 3ቱን የገዙት ሰዎች ፈቃዳቸው አይነጠቅም፤ ያንን መመለስ አንችልም። ከዛሬ በኋላ ግን አዲስ ሰው አይገዛውም። ከዚያ እህትሽ ዘንድ በአካል ሂጂ። በስልክ አይሁን። ፎቶዎቹን አሳያት፤ የፈረምሽውን ወረቀት አሳያት፤ ስንት እንደተከፈለሽ ንገሪያት። ትቆጣ ይሆናል። ትቆጣ። መቆጣቷ ሲያልፍ ወረቀቱ ምን እንደሚል አብራችሁ አንብቡ። እምቢ ካለች፣ እምቢ ነው፤ ሌላ ጊዜም አታንሺባት። እሺ ካለች በገዛ እጇ ትፈርም፤ ከልጁ ፎቶ የሚገኘው ገንዘብም ለልጁ ይቀመጥ።

ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።